ከስደት በኋላ እንቅልፍ ሲጠፋ፦ ከየትኛው እርዳታ ልጀምር?

ወረቀቱ ወጣ። ቤት ተገኘ። ልጆቹ ትምህርት ጀመሩ። ብዙ ሰው እንቅልፍ የሚያጣው ይሄኔ ነው። መንገድ ላይና ካምፕ ውስጥ ለማዘን ጊዜ አልነበረም፤ አሁን ሁሉም ነገር ተሰልፎ ይመጣል። ምክሩም አብሮ ይጎርፋል። አንዱ «ሥራ ያዝ፣ ይለቅሃል» ይላል። ሌላው «መድኃኒቱ ጸሎት ነው» ይላል። ሐኪሙ ኪኒን ይጽፋል። ኬዝ ወርከሯ (ጉዳያችሁን የምትከታተለው የድርጅት ሠራተኛ) ስለ ቡድን ውይይት በራሪ ወረቀት ትሰጣለች። ስልኩ ደግሞ አፕ ያስተዋውቃል።

ሁሉም ውስጥ የተወሰነ እውነት አለ። ጥያቄው ለማን እና መቼ የሚለው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መመዘኛዎቹን እናስቀምጥ፤ ከዚያ አማራጮቹን በእነሱ እንመዝናለን። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከዚያ በፊት አንድ ማሳሰቢያ። ሕይወታችሁን ለማጥፋት እያሰባችሁ ከሆነ፣ ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ የሚያዛችሁ ከሆነ፣ ወይም ለቀናት ሳትበሉና ሳትተኙ ከቆያችሁ ይህ የንጽጽር ጊዜ አይደለም። ባላችሁበት አገር የድንገተኛ እርዳታ ቁጥር ደውሉ፤ ወይም አንድ ሰው ይዛችሁ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ምርጫው በኋላ ይደርሳል።

ሌላው ደግሞ የተሰደደ ሁሉ ታሟል ማለት አይደለም። በ2005 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ አንድ ግምገማ፣ በምዕራብ አገሮች የሰፈሩ ስደተኞች ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስቦ አይቷል። ከአዋቂዎቹ ከአሥሩ አንዱ ገደማ ፒቲኤስዲ (ከደረሰ ክፉ ነገር በኋላ ቅዠትና ድንጋጤ እያመጣ የሚቆይ ሕመም)፣ ከሃያው አንዱ ገደማ ደግሞ ከባድ ድብርት ነበረበት። ከዚህ ከፍ ያለ ቁጥር ያገኙ ጥናቶችም አሉ። ያም ሆኖ፣ ማዘን፣ መናፈቅ፣ መደናገጥ በራሳቸው በሽታ አይደሉም። ብዙው ሰው በጊዜና በሰው ድጋፍ ይረጋጋል።

## መመዘኛዎቹ

ክብደቱ። የሚጠየቀው «ምን ያህል አዘንኩ» አይደለም። «ምን ያህል ከሥራዬ አገደኝ?» ነው። ልጅ መንከባከብ፣ ምግብ መሥራት፣ ቀጠሮ ማክበር፣ ቋንቋ መማር አቅቷችኋል? ሐኪሞች ፒኤችኪው-9 የሚባል ዘጠኝ ጥያቄ ያለው አጭር ቅጽ ይጠቀማሉ። ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል፤ ውጤቱ ከ0 እስከ 27 ነው። 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ባለሙያ ጠለቅ ብሎ ቢያይ ይሻላል የሚል ምልክት ነው። ቅጹ ብቻውን ግን ሕመም መኖሩን አያረጋግጥም።

ምንጩ። የሚያስጨንቃችሁ ያለፈው ነው ወይስ የዛሬው? ይህን የማይጠይቅ ሰው የተሳሳተ እርዳታ ይመርጣል። በኔዘርላንድስ በኢራቃውያን ጥገኝነት ጠያቂዎች ላይ ተሠርቶ በ2004 የወጣ ጥናት ነበር። ከገቡ ስድስት ወር ካልሞላቸው መካከል 42 በመቶዎቹ የአእምሮ ሕመም መመዘኛ አሟልተው ተገኙ። ከሁለት ዓመት በላይ ውሳኔ ሲጠብቁ በቆዩት ላይ ቁጥሩ 66 በመቶ ደረሰ። ሁለቱም ቡድኖች ከአንድ አገር የመጡ ናቸው። የለያያቸው ትልቁ ነገር መጠበቁ ነው። ቋሚ ቤት ማጣት፣ ሥራ መከልከል፣ ከቤተሰብ መለየት እንዲሁ ያደርጋሉ። እነዚህን የትንፋሽ ልምምድ አይፈታቸውም።

ቋንቋው። እኔ ከሁሉም በላይ ክብደት የምሰጠው ለዚህና ለሚቀጥለው ነው። ሰው ገበያ ወጥቶ የሚግባባበት ቋንቋ ስለ ሞተ ልጁ ለማውራት አይበቃውም። ሁለት መንገድ አለ፦ ቋንቋችሁን የሚናገር ባለሙያ ማግኘት፣ ወይም በአስተርጓሚ መነጋገር። የመጀመሪያው ጥሩ ይመስላል፤ ግን ባለሙያዎቹ ጥቂት ናቸው፣ ወረፋው ይረዝማል፣ በትንሽ ማኅበረሰብ ውስጥ ደግሞ ዘመድ ወይም የዘመድ ጓደኛ ሆነው ይገኛሉ። ሁለተኛው ብዙ ሰው ከሚፈራው በላይ ይሠራል። የሠለጠነ አስተርጓሚ ሲኖር ሕክምናው ውጤት ያመጣል።

የሠለጠነ ያልኩት በምክንያት ነው። ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ። የ12 ዓመት ልጅ እናቷ ምን እንደደረሰባት በሁለት ቋንቋ መስማት የለባትም። እናትም በልጇ ፊት ሁሉን አትናገርም፤ ቀንሳ ትናገራለች፣ ሐኪሙም ቀላል ይመስለዋል። ባልና ሚስትም ቢሆኑ እንደዚያው።

ከአንድ አገር መምጣት ደግሞ አንድ ወገን መሆን ማለት አይደለም። የሸሻችሁት ወገን ሰው አስተርጓሚ ሆኖ ቢመጣ አፍ አይከፈትም። ሌላ ሰው ይምጣልኝ ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ሴት ወይም ወንድ አስተርጓሚ ይሁንልኝ ማለት ይቻላል። በሌላ ከተማ ያለ አስተርጓሚ በስልክ ይሁንልኝ፣ ስሜ አይጠራ ማለትም ይቻላል። በትንሽ ማኅበረሰብ ውስጥ የምትኖሩ ከሆነ የስልክ አስተርጓሚን እመክራለሁ።

ሚስጥሩ። «ካወራሁ ነገ ሁሉም ይሰማል» የሚለው ፍርሃት ብዙ ሰው ከቤት እንዳይወጣ ያደርጋል። ፈቃድ ያለው ባለሙያ ሚስጥር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። ግዴታው ግን ገደብ አለው። በራሳችሁ ወይም በሌላ ሰው ሕይወት ላይ ቅርብ አደጋ ካለ፣ ወይም ልጅ እየተጎዳ ከሆነ፣ በብዙ አገሮች ባለሙያው ለሚመለከተው ማሳወቅ አለበት። የጓደኛ፣ የማኅበር ወይም የቤተ እምነት ሰው ደግሞ እንደ ጠባዩ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሕግ አያስገድደውም።

ከዚህ የሚለይ ሌላ ጉዳይ አለ። የጥገኝነት ጉዳያችሁ ገና ካልተወሰነ ሕክምናን እና ለሕግ የሚጻፍ ሪፖርትን ለዩ። ሰው ሥቃይ (ቶርቸር) እንደደረሰበት የሚያጣራውና ለሕግ የሚጻፈው ምርመራ የኢስታንቡል ፕሮቶኮል የሚባል ዓለም አቀፍ መመሪያ አለው፤ በ1999 ወጥቶ በ2022 ታድሷል። ይህ ሪፖርት የሚጻፈው ለዳኛ ወይም ለኢሚግሬሽን ነው፤ ማከሚያ አይደለም። ጠበቃችሁን ሳታማክሩ አንዱን በሌላው ቦታ አትጠቀሙ።

ጊዜና ገንዘብ። በሳምንት አንድ ሰዓት ቀላል ይመስላል። ሁለት ፈረቃ ለሚሠራ፣ ልጅ የሚያቆይለት ለሌለው ግን ከባድ ነው። ሂሳቡን ስታሰሉ መንገዱንና ከሥራ የቀራችሁበትን ሰዓት አስቡ።

ማስረጃው። በስደተኞች ላይ ተሞክሮ ሠርቷል ወይስ ለሌላ ሰው ሠርቶ ነው የመጣው? ሁሉም አማራጭ እኩል አልተፈተነም።

## አማራጮቹ ሲመዘኑ

### ኬዝ ወርከርና የሕግ ድጋፍ

ብዙ ሰው ይህን ከአእምሮ ጤና ጋር አይቆጥረውም። እኔ እቆጥረዋለሁ። በ2005 ጃማ በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ሰፊ ግምገማ ስደተኞችን ካልተሰደዱ ሰዎች ጋር አነጻጽሯል። ቋሚ የግል ቤት ያላቸው እና ሠርተው የመኖር ዕድል ያገኙት በተሻለ የአእምሮ ጤና ላይ ነበሩ። በጋራ መጠለያ የተቀመጡትና ኢኮኖሚያዊ ዕድላቸው የተገደበው የባሰባቸው ነበሩ።

ስለዚህ የማያስተኛችሁ የቤት ኪራይ፣ የቤተሰብ ማገናኘት ማመልከቻ ወይም የሥራ ፈቃድ ከሆነ መጀመሪያ የምትፈልጉት ሰው ኬዝ ወርከር ወይም ጠበቃ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ነጻ ነው። ድክመቱ የሰፈራ ድርጅቶች ድጋፍ ጊዜ የተወሰነለት መሆኑ ነው። ብዙ ጊዜ ሰው ችግሩ የሚገባው ድጋፉ ካለቀ በኋላ ነው። ገና ሳያልቅ ስለ እንቅልፋችሁም ንገሯቸው፤ ወደ ሌላ ቦታ ሊመሯችሁ ይችላሉ።

### ማኅበረሰብና ቤተ እምነት

ብቸኝነትን የሚያህል ክፉ ነገር የለም፤ ለብቸኝነት ደግሞ ይህ ከሁሉ ይሻላል። ክፍያ የለውም። ቋንቋ አያስቸግርም። ሀዘን ሲደርስ አብሮ የሚያለቅስ ሰው ይገኛል፤ ይህን ማንም ክሊኒክ አይሰጥም።

ሚስጥር ግን ደካማ ጎኑ ነው። ሌላም አለ፦ ማኅበረሰቡ ራሱ የአገር ቤቱን ጠብ ይዞ መጥቶ ሊሆን ይችላል። ለአንዳንዱ ስብሰባው እረፍት አይሆንም፤ ቁስል ይነካል። የሃይማኖት አባት ጸሎትና ምክር ከሕክምና ጋር አብሮ ይሄዳል። «መድኃኒቱን አቁም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ግን ያን አትስሙ። መድኃኒት የሚያስቆመው ያዘዘው ሐኪም ነው።

### በራስ የሚሠራ፦ መጽሐፍ፣ ድምፅ፣ አፕ

የዓለም ጤና ድርጅት ሰልፍ-ሄልፕ ፕላስ የተባለ ፕሮግራም አለው። በድምፅ የተቀዳ ትምህርትና ሥዕል ያለው መጽሐፍ ነው። አምስት ክፍለ ጊዜ አለው፤ እስከ 30 ሰው አብሮ ሊሰማው ይችላል። ዩጋንዳ ባሉ የደቡብ ሱዳን ስደተኛ ሴቶች ላይ ተፈትኖ ጭንቀትን ቀንሷል፤ ውጤቱ በ2020 ወጣ። ቱርክ ባሉ ሶርያውያን ላይ ደግሞ ከስድስት ወር በኋላም ጥቅሙ ታየ። በምዕራብ አውሮፓ ባሉ ስደተኞችና ጥገኝነት ጠያቂዎች ላይ ሲሞከር ግን ወዲያው የታየው ልዩነት ስድስት ወር አልቆየም።

ይህን የምነግራችሁ ተስፋ ላስቆርጥ አይደለም። ቀላል ለሆነ ጭንቀት፣ ወረፋ ለሚጠብቅ ሰው ጥሩ መነሻ ነው። ለከባድ ድብርትና ለተደጋጋሚ ፍላሽባክ (ያለፈው ክፉ ነገር አሁን እየደረሰ ያለ ሆኖ ሲመለስ) ግን አይበቃም። ስለ አፖች አጭር ምክር፦ ማን እንደሠራው፣ መረጃችሁን ለማን እንደሚሰጥ የማይናገር አፕ አትጫኑ። በማታውቁት ቋንቋ የሚያወራ የማሰላሰያ ድምፅም ብዙ አይረዳም።

### አጭር የምክር ፕሮግራም

ፕሮብሌም ማኔጅመንት ፕላስ (ፒኤም ፕላስ) የሚባለውን የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 አወጣው። ለአምስት ሳምንት፣ በሳምንት አንዴ፣ 90 ደቂቃ ያህል ነው። የሚሰጠው ሳይኮሎጂስት መሆን አይጠበቅበትም፤ የሠለጠነና ባለሙያ የሚከታተለው ሰው ይበቃል። አራት ነገር ያስተምራል፦ ጭንቀትን ማርገብ፣ ሊፈታ የሚችለውን ችግር ለይቶ መፍታት፣ የተተወውን ሥራና ልማድ ቀስ ብሎ መመለስ፣ የሚደግፍ ሰው ማብዛት።

ለእኔ ይህ ብዙ ሰው ሳያየው የሚያልፈው ምርጥ የመሃል መንገድ ነው። ከጓደኛ ወሬ ይሻላል፣ ከልዩ ሕክምና ይቀላል። የሚሰጠው ሰው ራሱ ስደተኛ የነበረ፣ ቋንቋችሁን የሚናገር ሊሆን ይችላል። ገደቡንም እወቁ። በዮርዳኖስ አዝራቅ ካምፕ ባሉ ሶርያውያን ላይ በቡድን ሲሰጥ ድብርትን ቀነሰ፤ የፒቲኤስዲ ምልክቶችን ግን ብዙም አልለወጠም። ለጭንቀትና ለድብርት ምረጡት። ቅዠት ለሚያስነሳው ሰው ግን የሚቀጥለው ይሻላል።

### ልዩ የሥነ ልቦና ሕክምና

በጦርነት፣ በእስር፣ በመንገድ ላይ የደረሰው ነገር በየሌሊቱ የሚመለስ ከሆነ የሚፈለገው ይህ ነው። ሦስት ስሞች ትሰማላችሁ።

ሲቢቲ የሚባለው ሐሳብን፣ ስሜትንና ድርጊትን አያይዞ ይሠራል። ለፒቲኤስዲ የሚሆነው ዓይነቱ በደረሰው ነገር ላይ ያተኩራል። ብዙ የተጠና ነው፤ የቤት ሥራ አለው፣ ጊዜ ይወስዳል።

ኢኤምዲአር በ1987 በአሜሪካዊቷ ሳይኮሎጂስት ፍራንሲን ሻፒሮ የተጀመረ ነው። ሰው የደረሰበትን እያሰበ ዓይኑን በተወሰነ መንገድ ያንቀሳቅሳል። ብዙ ማውራት አይጠይቅም፤ ቋንቋ ለሚያስቸግረውና ዝርዝሩን ጮክ ብሎ መናገር ለሚከብደው ይህ ትልቅ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች ፒቲኤስዲ ሁለቱንም ይመክራል።

ሦስተኛው ናሬቲቭ ኤክስፖዠር ቴራፒ ነው፤ በአጭሩ ኔት ይባላል። ጀርመን ኮንስታንዝ ዩኒቨርሲቲ በነበሩ ባለሙያዎች የተሠራው ለጦርነትና ለስደት ሰለባዎች ተብሎ ነው። መሬት ላይ ገመድ ይዘረጋል፤ ገመዱ ዕድሜያችሁ ነው። ለክፉው ጊዜ ድንጋይ፣ ለደጉ ጊዜ አበባ ታስቀምጣላችሁ። ከዚያ ከልደት እስከ ዛሬ ታሪኩ በተራ ይተረካል፣ ባለሙያው ይጽፋል፣ መጨረሻ ላይ የተጻፈው ይሰጣችኋል። አንድ ክፉ ቀን ብቻ ላላቸው ሳይሆን፣ ክፉው በተደጋጋሚ ለደረሰባቸው ይስማማል። ዩጋንዳ ናኪቫሌ ሰፈራ ውስጥ ከስደተኞቹ መካከል የሠለጠኑ ሰዎች ለሩዋንዳና ለሶማሊያ ስደተኞች ሰጥተውት ውጤት አምጥቷል፤ ጥናቱ የወጣው በ2008 ነው።

ከሦስቱ የቱ? እውነቱን ለመናገር፣ በአካባቢያችሁ በደንብ የሚያውቀው ባለሙያ ያለበት ይሻላል። በመካከላቸው ያለው ልዩነት በባለሙያዎች መካከል ካለው ልዩነት ያንሳል ብዬ አምናለሁ። ሁሉም ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሊያብሱ እንደሚችሉ እወቁ፤ ለአንዳንዱ ቅዠቱ ትንሽ ጨምሮ ነው የሚቀንሰው። ፈተና፣ ፍርድ ቤት ወይም ቤት መቀየር ባለበት ሳምንት አትጀምሩ።

አደጋ እንደደረሰ ወዲያው አንድ ጊዜ አስቀምጦ ሁሉን የሚያስተርክ ክፍለ ጊዜ ቢቀርብላችሁ አትቀበሉት። የዓለም ጤና ድርጅት አይመክረውም። ባልፈለጉበት ሰዓት መተረክ ግዴታ አይደለም።

### ሐኪምና መድኃኒት

ብዙ ስደተኛ ወደ ሐኪም የሚሄደው ራስ ምታት፣ ሆድ ማቃጠል፣ የልብ ምት መፍጠን ይዞ ነው። ምርመራው ንጹህ ይሆናል፤ «ምንም የለብህም» ይባላል። ስለ እንቅልፋችሁና ስለ ስሜታችሁ ካልተናገራችሁ ሐኪሙ አይገምትም። በሌላ በኩል የታይሮይድ ችግርና የደም ማነስም ድብርት ይመስላሉ። ስለዚህ የደም ምርመራው አይዝለል።

ለድብርትና ለፒቲኤስዲ ብዙ ጊዜ የሚታዘዙት ኤስኤስአርአይ የሚባሉት የድብርት መድኃኒቶች ናቸው፤ ሰርትራሊን አንዱ ነው። ወዲያው አይሠሩም። ለውጥ ለማየት ከሁለት እስከ አራት ሳምንት፣ አንዳንዴ ከዚያ በላይ ይወስዳል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማቅለሽለሽ ይኖራል። የወሲብ ፍላጎት መቀነስም ያጋጥማል፤ ሰው አፍሮ አይናገረውም፣ ዝም ብሎ መድኃኒቱን ይተዋል። ለሐኪሙ ንገሩ፤ መጠን ወይም ዓይነት ይቀየራል። በድንገት ማቆም ግን ያዞራል፣ ያስጨንቃል። ሀያ አምስት ዓመት ባልሞላቸው ወጣቶች መጀመሪያ ላይ ራስን የማጥፋት ሐሳብ እንዳይጨምር ክትትል ያስፈልጋል።

እንደ ዳያዜፓም ያሉትን የማረጋጊያ ኪኒኖች በጥንቃቄ ተመልከቱ። ቶሎ ያረጋጋሉ፣ ለዚህም ይወደዳሉ፤ ሱስ ያስይዛሉ። ከአደጋ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወር ለፒቲኤስዲ ዓይነት ምልክቶች እንዳይሰጡ የ2013ቱ መመሪያ ይላል። ከጓደኛ ኪኒን መዋስም ይቅር።

መድኃኒት የግድ የሚሆንበት ቦታ አለ። ድምፅ መስማት፣ ሰዎች ያሳድዱኛል የሚል ጽኑ እምነት፣ ከእውነታ መራቅ ሲመጣ ሳይካትሪስት (የአእምሮ ሐኪም) ይፈለጋል። ስዊድን ውስጥ በ1.3 ሚሊዮን ሰዎች ላይ የተሠራና በ2016 የወጣ ጥናት፣ ስደተኞች ከዚያው አካባቢ በሌላ ምክንያት ከፈለሱት ሰዎች ይልቅ በስኪዞፍሬኒያና በመሰል ሕመሞች የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። ቶሎ መታከም ብዙ ይለውጣል።

### ለሥቃይ ሰለባዎች የተቋቋሙ ማዕከላት

በእስር ቤት የተሠቃዩ ሰዎች በአንድ ቦታ ሐኪም፣ ሳይኮሎጂስት፣ ፊዚዮቴራፒስትና የሕግ ድጋፍ የሚያገኙባቸው ማዕከላት አሉ። በኮፐንሃገን የዴንማርኳ ሐኪም ኢንጌ ገኔፍኬ የጀመረችው በ1982፣ በአሜሪካ ሚኒሶታ የሚገኘው በ1985፣ በአውስትራሊያ ኒው ሳውዝ ዌልስ ስታርትስ የሚባለው በ1988 ተቋቁመዋል። ዛሬ በብዙ አገሮች መሰል አሉ። አስተርጓሚ አላቸው፣ አገልግሎቱ ለሚመለከታቸው ብዙ ጊዜ ነጻ ነው። ወረፋው ግን ይረዝማል፤ በትልልቅ ከተሞች ይሰበሰባሉ። ለናንተ የሚሆን ከሆነ ዛሬውኑ ተመዝገቡ፤ እስኪደርሳችሁ ሌላውን ተጠቀሙ።

## በአንድ ዕይታ

| አማራጭ | በተለይ ለማን | ቋንቋ | ሚስጥር | ጊዜ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ኬዝ ወርከር፣ ጠበቃ | ጭንቀቱ የዛሬ ጉዳይ ለሆነ | በአስተርጓሚ | ጥሩ | እንደ ጉዳዩ | ብዙ ጊዜ ነጻ |
| ማኅበረሰብ፣ ቤተ እምነት | ለብቸኝነት፣ ለሀዘን | የራስ | ደካማ | ክፍት | ነጻ |
| በራስ የሚሠራ | ቀላል ጭንቀት፣ ወረፋ ለሚጠብቅ | ከተተረጎመ | በጣም ጥሩ፤ አፕ ላይ ይጠንቀቁ | ጥቂት ሳምንት | ነጻ ወይም ትንሽ |
| አጭር ምክር | መካከለኛ ጭንቀትና ድብርት | ብዙ ጊዜ የራስ | ጥሩ | 5 ሳምንት | ነጻ ወይም ትንሽ |
| ልዩ ሕክምና | ቅዠት፣ ፍላሽባክ፣ ፒቲኤስዲ | በአስተርጓሚ ወይም በራስ | በሕግ | ከሳምንታት እስከ ወራት | ያለ መድን ውድ |
| ሐኪምና መድኃኒት | ከባድ ድብርት፣ ከእውነታ መራቅ | በአስተርጓሚ | በሕግ | ወራት | መካከለኛ |
| የሥቃይ ሰለባዎች ማዕከል | ሥቃይ ለደረሰበት | አስተርጓሚ አለ | በሕግ | ረጅም፣ ወረፋ አለ | ብዙ ጊዜ ነጻ |

## እንደ ሁኔታችሁ

ገና ከገባችሁ ጥቂት ወር ከሆነ እና ቀን ቀን ሥራችሁን እየሠራችሁ ከሆነ፣ አትቸኩሉ። ኬዝ ወርከር፣ የቋንቋ ትምህርት፣ የሚያውቋችሁ ሁለት ሦስት ሰዎች ይበቃሉ። ከወር በኋላም ካልቀነሰ፣ ወይም እየባሰ ከሄደ፣ አንድ ደረጃ ውጡ።

ውሳኔ እየጠበቃችሁ ከሆነ ጠበቃና አጭር ምክር አብራችሁ ያዙ። ነገ ልባረር እችላለሁ ብሎ የሚፈራ ሰው ያለፈውን መክፈት ይከብደዋል፤ እንቅልፍና ጭንቀት ላይ የሚሠራ እርዳታ ግን ዛሬም ይረዳል። ቀኑን ባዶ አታድርጉት፤ መጠበቅ ብቻውን ሥራ ሲሆን ሰውን ይበላዋል።

ቅዠቱ ዓመታት ካስቆጠረ ወደ ልዩ ሕክምና ሂዱ። «አሁንማ ቆየ» አይባልም፤ ከአሥር ዓመት በኋላ የተጀመረ ሕክምናም ይሠራል። እንቅልፍ ለማግኘት የምትጠጡ ወይም የምታጨሱ ከሆነ ለባለሙያው ተናገሩ፤ አይፈርዱባችሁም፣ ዕቅዱን ግን ይለውጣል።

ጊዜ ከሌላችሁ በቪዲዮ የሚሰጥ ሕክምናን ጠይቁ። ለብዙ ሰው በአካል ከሚሰጠው ብዙም አይተናነስም። ችግሩ ቤቱ ነው። በአንድ ክፍል አራት ሰው በሚኖርበት ቤት ማን ሚስጥር ያወራል? በቤቱ ውስጥ የምትፈሩት ሰው ካለ ደግሞ ቪዲዮን ጨርሶ አትምረጡ፤ በአካል ሂዱ።

ገንዘብና መድን ከሌላችሁ አራት በር አንኳኩ፦ የሰፈራ ድርጅት፣ የመንግሥት ጤና ጣቢያ፣ የሥቃይ ሰለባዎች ማዕከል፣ እና ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ ሐኪሞችን የሚያሠለጥኑባቸው ክሊኒኮች። የመጨረሻው ብዙ ሰው አይታሰበውም። የሚያክመው ተማሪ ነው፤ ግን አስተማሪው ይከታተለዋል፣ ክፍያውም ዝቅ ያለ ነው።

ልጃችሁ ከሆነ የሚያሳስባችሁ መጀመሪያ ትምህርት ቤቱን አነጋግሩ። ብዙ ቦታ አማካሪ አለ። ልጅ ጭንቀቱን በቃል አይናገርም፤ ሆዱን ያመዋል፣ አልጋ ላይ ይሸናል፣ ይማታል፣ ውጤቱ ይወድቃል። ወላጁ ሲታከም ልጁም ይቀለዋልና ራሳችሁን ወደ ኋላ አታድርጉ።

አረጋውያን ወላጆች ከሆኑ ከሕክምናው በፊት ብቸኝነቱን ተመልከቱ። ልጆች ሥራ፣ የልጅ ልጆች ትምህርት ቤት፤ ቀኑን ሙሉ በማይገባቸው ቋንቋ ቴሌቪዥን ፊት ይቀመጣሉ። በሳምንት ሁለት ቀን የሚያወሩበት ቦታ ከኪኒን በፊት ይሞከር።

## የመጀመሪያው ቀጠሮ ላይ

ከመረጣችሁ በኋላ የሚጠየቁ ጥያቄዎች አሉ። በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፤ እዚያ ስትደርሱ ይጠፋል።

- ከስደተኞች ጋር ሠርተህ ታውቃለህ?
- የምናገረውን ማን ያየዋል? ኢሚግሬሽን፣ አሠሪ፣ ቤተሰብ ሊያየው ይችላል?
- አስተርጓሚውን እኔ መምረጥ ወይም መቀየር እችላለሁ?
- ስንት ጊዜ እንገናኛለን? እየተሻለኝ መሆኑን በምን እናውቃለን?
- በመሃል ቢብስብኝ ለማን ልደውል?

መልሱ ግልጽ ካልሆነ እንደገና ጠይቁ። ባለሙያው ከተቆጣ ወይም ጥያቄውን ካድበሰበሰ፣ ያ ራሱ መልስ ነው። ከአራት እስከ ስድስት ቀጠሮ ስጡት። ያኔም ምንም ለውጥ ከሌለ መጀመሪያ ለእሱ ንገሩት፤ ጥሩ ባለሙያ አካሄዱን ይቀይራል፣ ወይም ወደ ሌላ ሰው ይመራችኋል። ሳይናገሩ መቅረት ግን እንደገና ወረፋ መጨረሻ ላይ ያቆማችኋል።